የጥርስ ሠሪው ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ትንሹን ልጄን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ተራ እየጠበቅን ሳለ ከውስጠኛው ክፍል በር ሥር አንድ ሽታ ሾልኮ መጣ። ሹል ነው፣ ጣፈጥም ይላል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ። ሰው ሠራሽ ድድ የሚቦካበት ፈሳሽ ሽታ ነው። ልጄ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስማችን እስኪጠራ ድረስ እዚያ አልነበርኩም፤ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር፣ የወላጆቼ ቤት በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ አባቴም ከፊቴ ተቀምጦ ነበር።

አባቴ ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ ጥርስ አይነቅልም፣ መርፌ አይወጋም። ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ለክተው ይልኩለታል፤ እሱ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የጎደለውን ጥርስ ሠርቶ ይመልስላቸዋል። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው። ያደገው ግን ድሬዳዋ ነበር፤ እናቴም የድሬ ልጅ ናት። ተጋብተው ድንበር ተሻግረው ወደ አባቶቻቸው የሶማሌ አገር ሲመለሱ ከድሬ ይዘውት የመጡት ትልቁ ዕቃ አማርኛቸው ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ከግቢያችን በር ውጭ ሶማሊኛ ነው። ከበሩ ወዲህ ሁለቱ ሲሳሳቁም ሲጨቃጨቁም አማርኛ ነበር። እናቴ «ጎረቤት እንዳይሰማን ነው» ትል ነበር። እኔ ግን በወጣትነታቸው የተዋደዱበት ቋንቋ ስለሆነ ይመስለኛል።

ያን ዓመት አባቴ ሱቁን ዘጋ። «ዐይኔ ደከመ» አለን። መሣሪያዎቹን በሙሉ በአንድ ፒክአፕ ጭኖ አመጣና በረንዳው ላይ ደረደራቸው። ትንንሽ ሞረዶች፣ የሰም መቅረጫ ቢላዎች፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች፣ የቀለጠ ብረት በቅርጽ ውስጥ የሚያስገባባት በተጠመዘዘ ሞላ ኃይል የምትሽከረከር ክንድ ያላት መሣሪያም ነበረች። እናቴ ዕቃውን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ «ሱቁን ዘጋሁ ያልከው ወደዚህ ልታዛውረው ነው?» አለችው። እሱ ሳቀ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሩዙን በሙዝ እየበላን ሳለ፣ ድንገት «ሰዓት ልሠራ ነው» አለ።

«የግድግዳ?» አለች እናቴ።

«የእጅ።»

«ገበያው ሙሉ ሰዓት አይደል እንዴ! ምን ቸገረህ?»

አባቴ እጁን ከሳህኑ ላይ አነሣ። ነገር ሲያወራ ቸኩሎ አያውቅም። «ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሁሉ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ነው የቀረው» አላት። «በደንብ ከሠራሁት ማንም አያየውም። ከታየ ደግሞ አበላሽቼዋለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ የሚታይ ነገር ልሥራ።»

እናቴ አንድ ሙዝ ላጠችና ሳህኑ ላይ አኖረችለት።

የፈለገው ሰዓት ምን ዓይነት እንደሆነ ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። ድንጋይ የሚያክለውን፣ አምስት ነገር የሚቆጥረውን፣ ወጣቶቹ የሚያደርጉትን ዓይነት አልነበረም። ቀጭን፣ ክብ፣ ፊቱ ባዶ ሊባል ምንም ያልቀረው፣ ሠርግ የሚሄድ ሰው በሸሚዙ እጅጌ ሥር የሚያደርገው ዓይነት ነበር። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ እንዲህ ያለ ሰዓት ያሰሩ ሰዎችን አይቶ ነበር። «ሰዓታቸውን ሲያዩ እንኳ ጭምት ናቸው» ይል ነበር።

የሚዞረውን ነገር፣ ማሽኑን፣ አልሠራውም። ማንም ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያንን አይሠራም። መሐል ከተማ ገበያው ውስጥ ከሚቀመጥ ሰዓት ጠጋኝ አንድ አሮጌ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ገዛ፤ ውጪው ዝጎ የተበላ፣ ውስጡ ግን ጤነኛ። አወጣውና ሞልቶ ጆሮዬ ሥር አስጠጋው። «ሰማሽ?» አለኝ። ትንሽ ጥንዚዛ በደረቅ ቅጠል ላይ የምትሄድ ይመስል ነበር። ያንን ድምፅ እየሰማሁ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ሥራው የሚሠራው ከምሳ በኋላ ነበር። ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት አስተምሬ ስመለስ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ከተማው ይተኛል። ሱቆቹ ይዘጋሉ። ከመንገዱ የሚሰማው የፍየሎች ኮቴ፣ ፕላስቲክ እየነዳ የሚያልፈው ንፋስ፣ አልፎ አልፎም መንገዱን የሳተች የምትመስል ባጃጅ ነው። በረንዳችን ላይ የቆርቆሮው ጥላ በሲሚንቶው ላይ ያርፍና ከጥላው ጠርዝ ብርሃኑ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሰማያዊ ሰም በአልኮል መብራት እያሞቀ ይቀርጻል። ሰሙ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ፣ የመብራቷ ነበልባል በጠራራ ፀሐይ ሳይታይ በላዩ የሚንቀጠቀጠው አየር፣ አባቴ በአፍንጫው የሚያንጎራጉረው ነገር። ከኋላው ምንጣፍ ላይ ተኝቼ መጽሐፍ ይዤ አንድም ገጽ ሳልገልጥ የከሰዓቱ የአስር ሶላት ይደርስ ነበር። አዛኑ ሲሰማ ሁለታችንም እንደ ነቃ ሰው ዙሪያችንን እናይ ነበር።

የሰዓቱን ቀፎ የሠራው ልክ ጥርስ እንደሚሠራው ነው። መጀመሪያ በሰም ቀረጸው። ሰሙን በጀሶ ውስጥ ቀበረው። ጀሶው ደርቆ ምድጃ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ወጣና ቦታው ባዶ ቀረ። በባዶው ቦታ የቀለጠ የብር አምባር ስብርባሪ ገባ። ማለት፣ መግባት ነበረበት። በመጀመሪያው ቀን አልገባም።

ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየ ከጎንደር የመጣ የልስን ሠራተኛ ነበር፤ መስቀሉን ከሸሚዙ ውስጥ የሚያኖር፣ ድምፁ ግን ግቢውን የሚሞላ ወጣት። እናቴን «እትዬ»፣ አባቴን «ጋሼ እርስዎ» ሲል አባቴ «አንተ በለኝ አልኩህ እኮ፤ እኔ ድሬ ነው ያደግኩት፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም» ይለዋል። ልጁ ግን አልቻለም። ያን ቀን ሥራ ፈትቶ ነበርና ሊያይ መጣ። አባቴ ብሩን አቅልጦ ክንዲቱን ሲለቃት መሣሪያዋ እያፏጨች ስትሽከረከር ተከራያችን ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሰው ይፈጃል እኮ!»

«ሰው አይነካም። ጥርስ ነው የሚሠራው።»

«ጥርስ አውልቆ ከሆነስ ማን ያውቃል?»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ስትስቅ ተሰማን። ጀሶው ውሃ ውስጥ ሲገባ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ ተሰነጠቀ። አባቴ እጁን ሰዶ ያወጣው ግማሽ ቀለበት ነበር። ብሩ መንገድ ላይ በርዶ ቀርቷል። እሱ አልተናደደም። ግማሹን ቀለበት ወደ ብርሃን አድርጎ አገላብጦ አየውና «ቸኩያለሁ» አለ። እንደ ገና ሰም ማሞቅ ጀመረ።

ሁለተኛው ወጣ። ግን ሲወጣ ጥቁር፣ ሻካራ፣ ከመንገድ የተለቀመ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይመስል ነበር። ተከራያችን አየውና ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ነው እንዴ?» አለ፣ አባቴን እንዳያስከፋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በማግስቱ ግን ከሥራ ቦታው በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይዞለት መጣ። አባቴ ቀለበቱን በውሃ እያራሰ ለስንት ቀን ከሰዓት በኋላ እንደፈተገው አላውቅም። አንድ ቀን መጽሐፌን ሳነሣ ጣሪያው ላይ አንዲት ክብ ብርሃን ስትሮጥ አየሁ። አባቴ ቀፎውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ ፀሐይ እያዞረው ነበር።

ከዚያ የሰዓቱ ፊት ተጀመረ። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ይገርመኛል። ለጥርስ ከሚሆነው ብረት እንደ ቅጠል የሳሳ ክብ ነገር አወጣና በላዩ ላይ የጥርሱን ፖርሰሊን ሊቀባበት አሰበ። ያ በእሳት የሚጋገር ነጭ ዱቄት ነው፤ በውሃ ተለውሶ በብሩሽ ይቀባና ምድጃ ሲገባ እንደ ጥርስ ያበራል። ግን ጥርስ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። ጥርስ ሠሪዎች የቀለም ማስተያያ አላቸው፤ ልክ እንደ ማራገቢያ የተደረደሩ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው፣ አንዱ ቢጫ የሚል፣ አንዱ ግራጫ የሚል። አባቴ ያንን ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«እስቲ ሳቂ» አላት እናቴን።

«ምን አስቆኝ?»

«ለሥራ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ ልትሠራልኝ ነው? ሂድ ከዚህ፣ ሽንኩርት እያቃጠልኩ ነው።»

እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ መዳፍ ትሸፍናለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። አባቴ በሩን ተደግፎ ቆመና ስለ ድሬው የደቻቱ ወንዝ ማውራት ጀመረ። ገና ሲተዋወቁ፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እሷ ስታልፍ ሊያያት ብሎ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ አሸዋው ጫማውን እንዴት እንደበላበት፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ እንዴት ሰላም እንዳላት። እኔ ይህንን ወሬ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እናቴ «ዝም በል፣ ልጅቱ ትሰማሃለች» እያለች ነበር። ጫማውን ፍለጋ ተንበርክኮ ሲቆፍር አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ለሶላት ከሆነ ቂብላው በዚያ በኩል ነው» ያሉት ላይ ሲደርስ ግን አልቻለችም፤ ማንኪያዋን እንደያዘች ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አባቴ ማስተያያውን አፏ ሥር አስጠጋ።

«አገኘኋት» አለ፣ አንዲቷን ጥርስ ነጥሎ ይዞ።

«ምኑን?»

«ነጭማ ወረቀትም ነጭ ነው። ይሄኛው ግን የሰው ነው።»

እናቴ ገባት። አፏን ሸፈነችና ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች፤ አንገቷ ግን ከኋላ ሲቀላ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ፖርሰሊን ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሲወጣ ወተት ላይ የረጋ ቅባት የመሰለ ቀለም ነበረው፤ ብርሃን ውስጡ ገብቶ ትንሽ ቆይቶ የሚወጣ ይመስል ነበር። አሁንም ዐይኔ ላይ አለ።

በዚያ ፊት ላይ ሰዓቶቹን የሚያሳዩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች መሣል ነበረበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውስጥ ስወጣ አባቴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ አየሁት። የብሩሿ ጫፍ ግን ዝም አላለችም። መስመሩን ይጀምራል፤ ይጠርገዋል። ይጀምራል፤ ይጠርገዋል። ለብዙ ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር መሰለኝ።

«አባ፣ በረደህ እንዴ?» አልኩት።

ቀና አላለም። «አዎ፣ በርዶኛል» አለኝ።

ፀሐይዋ በረንዳውን እያቃጠለች ነበር።

ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና ለእናቴ ነገርኳት። ሥጋ እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም። «የሻይ ብርጭቆውን እስከ አፉ አትሙይለት ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?» አለችኝ። እውነት ነው፣ ከብዙ ወራት በፊት ብላኝ ነበር። ስኳር እንዲቀንስ መስሎኝ ነበር። ሱቁንም የዘጋው በዐይኑ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ሁሉን ታውቃለች፤ ማወቋን ግን አልነገረችውም፤ እሱ እስኪነግራት ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መጠበቁን ተወችው። በዚያው ቀን ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሲከራከሩ ሰማኋቸው።

«አዲስ አበባ ሄደህ ታየው» አለችው።

«ልጨርስና።»

«ሰዓቱ ይጠብቃል። በሽታ አይጠብቅም።»

«የማይጠብቀው እጄ ነው» አላት። «መድኃኒት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ይሆናል፤ ላይሻለኝም ይችላል። አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን እጄ ገና የኔ እያለ አንድ ነገር መጨረስ እፈልጋለሁ።»

«ከኔም ከልጅህም ሰዓቱ በለጠብህ?»

እናቴ ተነሣችና ገባች። ለብዙ ቀን በሶማሊኛ ብቻ አነጋገረችው። «ምሳ ቀርቧል»፣ «ሰው ይጠራሃል»፣ «ውሃ አልቋል»፣ ሁሉንም በሶማሊኛ። በኛ ቤት ይህ ኩርፊያ ነበር። አባቴ በአማርኛ ይጠይቃታል፤ በሶማሊኛ ትመልስለታለች። ተከራያችን እንኳ ነገሩ ገብቶት ግቢ ሲገባ ድምፁን ይቀንስ ጀመር።

አባቴ አሥራ ሁለቱን መስመሮች ትቶ አራት ብቻ ሣለ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ። እያንዳንዷን በሁለት መንቀጥቀጥ መካከል ባለችው ዝምታ ነው የሰረቃት። «እንዲህ ይሻላል፣ ብዙ አያስፈልግም» አለኝ። እውነትም ይሻል ነበር።

ሁለቱን ቆጣሪዎች፣ የሰዓቱንና የደቂቃውን፣ ከስስ የብረት ምላጭ በሞረድ አወጣቸው። እጁ አንድ ነገር ሲጫን ጸጥ ይላል፤ ባዶ ሲሆን ነው የሚንቀጠቀጠው። ስለዚህ ሲሞርድ ደህና ሰው ይመስል ነበር። ሲጨርስ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኛቸውና «ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ። ብረቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ገለባ የመሰለ። ቆይቶ ቡናማ፣ ቆይቶ ወይን ጠጅ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ ሰማይ ሰማያዊ ሆነ። «ሱብሃነላህ» አለ አባቴ በሹክሹክታ፣ ወዲያውም ከአሸዋው ላይ አነሣቸው።

የቀረው ቆጣሪዎቹን ቦታቸው ላይ መሰካት ብቻ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። አባቴ ከጁምዓ መጥቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ ቀፎው ውስጥ ገብቷል፤ ፊቱም ተገጥሟል። ከመሐል እንደ መርፌ ጫፍ የምትታይ ዘንግ አለች፤ ቆጣሪው በእሷ ላይ ነው የሚሰካው። ቢስሚላህ ብሎ ወረንጦውን አነሣ። የሰዓቱን ቆጣሪ ያዘ። ዘንጓ ላይ ሲደርስ እጁ ከዳው፤ ቆጣሪው ተፈናጥሮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ተንበርክኬ ፈለግሁና አገኘሁት። እንደ ገና ሞከረ፤ ወደቀ። በሚቀጥለው ሙከራ የወረንጦው ጫፍ ፖርሰሊኑን ነካ። ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን፤ አልተቀነጠበም። አባቴ ግን ላብ ከጆሮው ሥር ይወርድ ነበር።

«አባ፣ እኔ ላድርገው» አልኩት። «የኔ እጅ ደህና ነው።»

አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አውቃለሁ ልጄ» አለና ወረንጦውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ባነጠፈው ነጭ መሐረብ ላይ አኖረው። ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ። ያልኩት ነገር አየሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው አላውቅም። ከመንገዱ አንድ ሰው ፍየሎቹን ሲጠራ ይሰማል። ማሽኑ ብቻውን እየሄደ ነበር፣ ሰዓቱን የሚነግርበት ነገር ሳይኖረው።

እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። እርጥብ እጇን በድሪዒዋ ጠረገች፤ ያ ሰፊው ስስ የቤት ቀሚሷ ነው። መጣችና ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለት ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ከዚያ የአባቴን ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ አነሣችና አንጓውን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«በል አሁን አድርገው» አለችው። በአማርኛ።

አባቴ ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ ወረንጦውን አነሣ።

«አጥብቀሽ ያዢ» አላት።

«ይዣለሁ።»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

«አንተ ንገረኝ እንጂ እኔ እወስድሃለሁ።»

ልጆቻቸው ፊት የሚነካኩ ወላጆች አልነበሩኝም። ያ በኛ ሰፈር ነውር ነበር፤ በሌሎቹም ቤት እንዲሁ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ እናቴ የአባቴን እጅ ስትይዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ራሶቻቸው ሊገናኙ ደርሰዋል። አጉሊ መነጽሩ በትንፋሻቸው ጭጋግ ይለብስ ነበር፤ እናቴ በሻሿ ጫፍ ትጠርግለታለች፣ እንደ ገና ትይዘዋለች። የሰዓቱ ቆጣሪ ገባ። የደቂቃውም ገባ። አባቴ በጣቱ ጥፍር ተጫነውና ወረንጦውን ለቀቀ። ሁለቱ ሰማያዊ መስመሮች በዚያ ወተት በመሰለው ፊት ላይ ቆሙ፤ ከዚያ፣ እያየናቸው፣ ረጅሙ የማይንቀሳቀስ መስሎ ተንቀሳቀሰ።

ሥራው አልቋል። እናቴ ግን አንጓውን አልለቀቀችም፤ እሱም እጁን አልሳበም።

ተነሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ተከራያችን ልብሱን ሊያጥብ ወደ በረንዳው ቧንቧ ባልዲ ይዞ እየመጣ ነበር። መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ትንሽ ቆይተህ ና» አልኩት።

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ሰዓት እየሞሉ ነው።»

ወደ በረንዳው አሻግሮ አየ፤ ባልዲውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና ተመልሶ ሄደ።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄደ፤ አብሬው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ በታክሲ እስከ አየር ማረፊያው በር ድረስ ሸኘችን። ከበሩ ወዲያ ትኬት የሌለው ሰው አያልፍም። የዚያ ሜዳ ንፋስ ኃይለኛ ነው፤ የእናቴን ድሪዒ ነፍቶ እንደ ድንኳን አድርጎታል። ስልኳን በእጇ ይዛ ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችው።

አባቴ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። የቀኝ እጁ ጣቶች ከግራ እጅጌው ቁልፍ ጋር ትንሽ ታገሉና እጅጌውን ሰበሰበ። ሰዓቱን ከዐይኑ አራቅ አድርጎ አየ። «ሦስት ከሩብ» አለ።

«ገና ነው እንግዲህ» አለች።

ትንሽ ቆመው ስለ መድኃኒቱ፣ ስለሚያርፍበት ዘመድ ቤት፣ ስለ ብርዱ አወሩ። ከዚያ እንደ ገና፣ «አሁንስ?» አለችው።

አባቴ ሳቀ። እጅጌውን ግን ሰበሰበና አየ። «ሦስት ከሃያ።»

«በል ግባ። ፊ አማኒላህ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

በሩን አልፈን ዞር ስል ስልኳን በእጇ እንደያዘች እዚያው ቆማ ነበር።

መድኃኒቱ ለጥቂት ዓመታት ረዳው። በዒድ ሶላት ላይ፣ በሠርግ ላይ፣ ሰዎች ሰዓቱን እያዩ ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት ነበር። «ከቤት» ይላቸዋል። አንዳንዱ የመሸጫ ቦታ ስም ይመስለው ነበር። ከዚያ በሽታው ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጅነት በየትኛው ቀን እንደሄደ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ እሱም የመጣበትን ቀን አላሳየም። መጀመሪያ ማሰሪያውን ማሰር አቃተው፤ ቀጥሎ ሰዓቱን መሙላት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ከማቅረቧ በፊት ሞልታ ታስርለት ጀመር። ስትሞላ በከንፈሯ ብቻ ትቆጥራለች፤ ሞላው እንዳይበጠስ ትፈራለች።

እኔ አግብቼ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ግን ዓርብ ዓርብ ልጆቼን ይዤ እመጣ ነበር። በመጨረሻው ዓመት አባቴ ንግግሩ ሄደ። ፊቱም ስሜቱን መናገር ተወ። በረንዳው ላይ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ብርሃኑ በቆርቆሮው ጥላ ጠርዝ ላይ ሲሄድ ያያል። ብዙ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ስለ እሱ ያወራል እንጂ ከእሱ ጋር ማውራት ትቶ ነበር። እናቴ ግን አልተወችም። ከወጥ ቤት ትወጣለች፣ እጇን ትጠርጋለች፣ ከወንበሩ ጎን ትቆማለች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለዋለች።

አባቴ ይቆያል። ከዚያ፣ ከብዙ ሩቅ ቦታ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ግራ ክንዱን ከጭኑ ላይ ያነሣላታል። እሷም ጎንበስ ብላ ታያለች።

«እውነትህን ነው» ትለዋለች፤ «ረፍዷል።»